ያልለየለት አንጀት

ጌጡ ሊፍት ጠጋኝ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ከመሬት ተነሥቶ ደመና ሥር በደረሱ ሕንፃዎች ውስጥ በሚኖርበት በዚያ ዘመን ሊፍት ጠጋኝ የሚከበር ሰው ነው፤ ጌጡን ግን ከክብሩ ይልቅ የጠቀመው ሌላ ነገር ነበር። በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኛው ፎቅ፣ ከሊፍቱ በር በስተግራ ነው ወይስ በስተቀኝ ሽንት ቤት ያለው ብትሉት ዓይኑን ጨፍኖ ይነግራችኋል። አንጀቱ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ታማሚ ነው። ሲጠራው ደግሞ፣ ይህችን ብሎን ላጥብቅና ልምጣ ቢሉት አይሰማም።

በዚህ ብቻውን አልነበረም። የድሮ ሰዎች ሆዳቸውን ባመማቸው ቁጥር "ጨጓራዬ ነው" ብለው ተልባ ጠጥተው ይተኙ ነበር፤ የአንጀት ብግነት የሚባለውን በስሙ የሚያውቁት ሐኪሞች ብቻ ነበሩ። ከተማው ሲሰፋ፣ ምግቡ ሁሉ ታሽጎ ሲመጣ፣ ሕፃናቱ አፈር ሳይነኩ ሲያድጉ በሽታው አብሮ አደገ። ከእነዚህ የትኛው እንዳመጣው ሐኪሞቹ አሁንም ይከራከራሉ። የሚስማሙበት ነገር ቢኖር የሰውነት ዘበኛ ግራ ተጋብቶ የገዛ ቤቱን አንጀት እንደ ሌባ እንደሚደበድበው ነው። ያቆስለዋል፣ ያደማዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ይተወዋል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በርበሬም አያመጣውም። በርበሬ ግን እንደ ተጠረጠረች ቀርታለች።

የኛ ሰው ደግሞ በሽታም ቢሆን ያገናኘው ማኅበር ሳይመሠርት አይለያይም። የሰፈር እድር ቀስ በቀስ ቀረና የአንጀት እድር ተተካ። ምክንያቱ ያሳምናል፤ ለቅሶ ቤት ሲቀመጡ የሚስማማቸውን አብሮ የሚበላ፣ በየመሀሉ ብድግ ብለው ሲሮጡም ዞሮ የማያይ ሰው ያስፈልጋል። ችግሩ በሽታው ዋና ዋና ዓይነቱ ሁለት መሆኑ ነው። ስለዚህ እድሩም ሁለት ሆነ፤ የክሮን እድርና የኮላይቲስ እድር።

የኮላይቲስ ሰዎች በሥርዓታቸው ይኮራሉ። የእነሱ ቁስለት ከፊንጢጣ ይጀምርና አንዲት ስንዝር ሳይዘል ትልቁን አንጀት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። የሚያቆስለውም የውስጠኛውን ገበር ነው፤ ከዚያ አይጠልቅም። የክሮን ሰዎች በስፋታቸው ይኮራሉ። የእነሱ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የፈለገው ቦታ ያርፋል፤ እዚህ ይነካል፣ ደህናውን ይዘላል፣ ወዲያ ማዶ ይወርዳል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ይገባል፣ አንዳንዴም መተላለፊያውን ያጠበዋል። ኮላይቲሶች "የኛ ቢብስ ትልቁ አንጀት ወጥቶ እንገላገላለን" ይላሉ። ክሮኖች "እናንተማ ገና ጀማሪዎች ናችሁ" ብለው ይመልሳሉ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አለ፤ ድንኳን መዋዋስ ግን የለም። ያለ እድር ድንኳን ለቅሶ መቀመጥ ደግሞ በሕንፃዎቹ ደንብ ከተከለከለ ቆይቷል።

የጌጡ እናት ወይዘሮ ትብለጥ የሁለቱም አባል አይደሉም። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው አንጀታቸው የልጃገረድ ነው። የጤነኞች እድር የሚባልም ነበር፤ እሳቸው የመጨረሻዋ ሊቀመንበር ነበሩ። አባሉ እየሳሳ ሄዶ የድንኳኑን ምሰሶ የሚያነሣ ሲጠፋ ተዘጋ። ስለዚህ ወይዘሮ ትብለጥን መቅበር ያለበት የልጃቸው እድር ነው፤ ልጃቸው ደግሞ እድር የለውም።

ጌጡ እድር ያጣው በስንፍና አይደለም። አንጀቱ አልለይ ብሎ ነው። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ሰው ከመካከላችን እንደማይጠፋ ያውቃሉ፤ ብግነቱ በግልጽ ይታያል፣ ክሮን ነው ወይስ ኮላይቲስ ሲባል ግን ደፍሮ እጁን የሚያወጣ የለም። ሰፈሩ እነዚህን ሰዎች "ያልለየለት" ይላቸዋል። ስድብ አይደለም፤ ክብርም አይደለም።

ያልለየለት ሰው ሲያዝን ምን እንደሚመስል ጌጡ አይቷል። አንድ ቀን ጎረቤት ሕንፃ ሊፍት ሊጠግን ሄዶ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ሚስቱ የሞተችበትን ሰውዬ አገኘው። በሩ ክፍት ነው። ሰውዬው ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ ዳር ደርድሮ መሀላቸው ብቻውን ተቀምጧል። ጎረቤቶቹ ከሊፍት ሲወርዱ በበሩ በኩል "እግዚአብሔር ያጥናህ" እያሉ ደንቡን ላለመጣስ ሳይቆሙ ያልፋሉ። ጌጡ መፍቻውን ይዞ ገብቶ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ዘበኛው መጥቶ በትሕትና አስነሣው። ይህን ለእናቱ ባይነግራቸው ይሻል ነበር፤ ነገራቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ ትብለጥ አቋማቸው የታወቀ ነው። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሞቹ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በመጡ ቁጥር በሆዳቸው ይሰናበቷቸዋል፤ እሳቸው ግን ትራሳቸውን ተደግፈው ይጠብቋቸዋል።

"ለኔማ አንድ ጉድጓድ ይበቃኛል" ይላሉ። "አንተን ማን አጠገብህ ተቀምጦ ያጽናናሃል? እድር ሳትገባ አልሄድም፤ በቃ።"

ጌጡ ወንድም የለው፣ እህት የለው። ሚስቱ ከተለየችው ቆይቷል። እናቱ ይህን የሚሉት እየሳቁ ቢሆንም እሱ እያንዳንዷን ቃል ይዟት ይዞራል።

የሁለቱ እድሮች ሽማግሌዎች በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሁድ ያልለየላቸውን ጉዳይ ያያሉ። ጌጡ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ በሕንፃው አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የአንጀቱ ምስል ከጀርባው ግድግዳ ላይ በሰው ቁመት ተለቅቆ ይታያል፤ ቀልቷል፣ አብጧል፣ እዚህም እዚያም ይደማል። ሕፃናት ሳይቀሩ ዳቦ እየገመጡ ያዩታል። በዚያ ዘመን በዚህ የሚያፍር የለም።

የኮላይቲሱ ሊቀመንበር አቶ ሽመክት ከዘራቸውን አንሥተው ከታች ወደ ላይ ሳቡት። "ተመልከቱ። ከታች ነው የጀመረው። እየተከታተለ ነው የወጣው። ይህ ልጅ የኛ ነው።"

"እዚህጋ ምንድን ነው ያለው?" አሉ የክሮኗ ሊቀመንበር ወይዘሮ እታገኘሁ፣ ሳይነሡ። "ደህና ሥጋ አይደለም? ዘሏል እኮ።"

"መድኃኒት የፈወሰው ነው። መድኃኒት የወሰደ ኮላይቲስ የዘለለ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ አለ?"

"የትንሹ አንጀት ጫፍ መቅላቱስ?"

"ከትልቁ ተመልሶ የነካካው ነው። ትንሽ ነገር ነው።"

"ትንሽ ነገር ነው የሚባለው የራስ ሲሆን ነው፣ አቶ ሽመክት።"

ጌጡ በልቡ ለሁለቱም ይጸልያል። ማንኛቸውም ቢያሸንፉ ግድ አልነበረውም፤ ብቻ አንዱ ይውሰደው። ሽማግሌዎቹ ክርክሩን ሲጨርሱ ወደ ጠያቂዋ ዞሩ። ጠያቂዋ የሚሏት በየቤቱ ሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ ሆና ጠዋት ጠዋት የሰውን ጤና የምትጠይቀዋ መሣሪያ ናት፤ ሕመሙ የት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ ሰው የሚነግራት ለእሷ ነው። ስለ ጌጡ ስትጠየቅ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አቶ ጌጡ ሕመም ኖሯቸው አያውቅም" አለች።

አቶ ሽመክት ከዘራቸውን አስቀመጡ። "ሕመም ከሌለውማ ትንሹን አንጀት የሚመረምር ሐኪም የለም" አሉ። "ካልተመረመረ ደግሞ እኛ በምን እንፍረድ?" ወይዘሮ እታገኘሁም ተስማሙ፤ ሁለቱ በዚያ ቀን የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር። ለከርሞ ተቀጠረ።

ጌጡ ቤት ሲገባ እናቱ ፊቱን አይተው አልጠየቁትም። ሾርባውን አቀረቡለት። ሁለት ማንኪያ ቀመሰና ወደ ቀኝ ጎኑ ጎበጥ ብሎ ቆይቶ ቀና አለ።

"ምነው?" አሉት።

"ምንም። ደህና ነኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ትብለጥ ወገባቸውን ይዘው ወደ ማድቤት ሲያልፉ ከሽንት ቤቱ በር ወዲያ የሰው ወሬ ሰሙ። ቆም አሉ።

"አቶ ጌጡ፣ እንደምን አደሩ? ሕመም አለ?" ትላለች ጠያቂዋ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላል ጌጡ፣ ድምፁ ተቆራርጦ፣ ጥርሱን ነክሶ። "አንቺስ እንዴት አደርሽ?"

"አመሰግናለሁ። ሆድዎን አላመመዎትም?"

"የለም፣ የለም። ክብሩ ይስፋ።"

ወይዘሮ ትብለጥ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ተመልሶ ወደ ሳቅ ዞረ፤ ጌጡ ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣ እናቱን መሬት ቁጭ ብለው እንባቸውን ሲጠርጉ አገኛቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትላት?"

"ምን አልኳት?"

"ደህና ነኝ የምትላት።"

"ሁልጊዜ ነዋ።"

"ያምህ የለም ወይ?"

"ያመኛል" አለ ጌጡ። "እና እንደምን አደርክ ያለችኝን ሴት ገና በጠዋቱ ሕመሜን ልዘርግፍባት? ነውር አይደለም?"

"ሴት አይደለችም እኮ።"

"ብትሆንም ባትሆንም። በትሕትና ነው የምትጠይቀው።"

ወይዘሮ ትብለጥ ልጃቸውን ቁልቁል እንደ ሕፃን አዩት፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ማየት ቀላል አይደለም፣ እሳቸው ግን ይችሉበታል። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰው ጤናህን ሲጠይቅህ "ይመስገን" በል፣ ሕመምህን ደጅ አታውጣ እያሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ልጃቸው በጨዋነቱ ሲሰቃይ ኖሯል፤ ይህም ከእሳቸው የመጣ ነው። ልባቸው ተነካ።

በሚቀጥለው ጠዋት በርጩማ አስመጥተው ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጡ።

"እንደምን አደሩ? ሕመም አለ?" አለች ጠያቂዋ።

"ይመስገ..."

"ጌጡ" አሉ ወይዘሮ ትብለጥ በበሩ በኩል።

ከዚያ ጌጡ፣ መጀመሪያ እየተንተባተበ፣ ቀጥሎ ቦይ እንደ ጣሰ ውኃ ተናገረ። ከእምብርቱ በታች በቀኝ በኩል እንደሚያመው፣ ከበላ በኋላ ጨምድዶ እንደሚይዘው፣ ምግብ መሀል መንገድ ላይ የቆመ እንደሚመስለው፣ ሱሪው እየሰፋው እንደሄደ፣ አፉ ውስጥ ቁስል እየወጣ እንደሚጠፋ፣ ጉልበቱ ያለምክንያት እያበጠ መሰላል መውጣት እንደሚያቅተው። ወይዘሮ ትብለጥ ከበሩ ወዲህ ሆነው እያንዳንዱን ሰሙ። ግማሹን እንኳ አያውቁም ነበር።

ጠያቂዋም ጠየቀችው። "ከዚህ በፊት ለምን አልነገሩኝም?"

"ላስቸግርሽ አልፈለግኩም" አለ ጌጡ። አክሎም ይቅርታ ጠየቃት።

የጤና ጣቢያው የዚያኑ ዕለት ጠራው። ዶክተር መዓዛ ለረጅም ጊዜ የምታክመው ወጣት ሐኪም ናት። እሷም በተገናኙ ቁጥር "እንዴት ነዎት?" ስትለው የሚመልስላት ያንኑ ነበር።

"በነገሩኝ ሁሉ መሠረት" አለችው "እርስዎ በሕይወትዎ አንድም ቀን ያልታመሙ ሰው ነዎት። አንጀትዎ ግን ሲደማ ነው የኖረው። እኔ የሰዎች ትሕትና በሽታ እንደሚደብቅ ትምህርት ቤት አልተማርኩም።"

ጌጡ መሬት መሬት አየ።

ካሜራ ያላት እንክብል አላዋጠችውም፤ የጠበበ ቦታ ካለ ትወሸቃለች ብላ ፈራች። ትንሹን አንጀት በሌላ መንገድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጊዜ ወስዳ አየችው። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሯን ወደ እሱ አቀረበች። የሚያሳዝን ነገር ልትናገር ስትል እንዲህ ታደርጋለች።

"አቶ ጌጡ፣ የትንሹ አንጀትዎ መጨረሻ ጠቧል። ከዚያ በላይ ደህና ቦታ አለ፤ ከደህናው በላይ እንደገና ጠለቅ ያለ ቁስል አለ። ደህና፣ ቁስል፣ ደህና፣ ቁስል። የተወሰደው ናሙናም ይህንኑ ይላል። ክሮን ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አለ ጌጡ፤ ከድንጋጤው "ነዎት" ማለቱን ረሳ።

"እርግጠኛ ነኝ። መድኃኒት አለው። ብግነቱን እናስታግሳለን፤ ብዙ ሰው በመድኃኒት ደህና ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይኖራል። የጠበበውን ግን ምናልባት መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ቢቆረጥም በሌላ ቦታ ሊመለስ ይችላል፤ እንደ ኮላይቲስ ትልቁን አንጀት አውጥተን ተገላገልን የምንልበት አይደለም። ይህን ስነግርዎ በጣም..." ዶክተር መዓዛ ንግግሯን አቋረጠች። ታካሚዋ ፈገግ ብሏል። "አቶ ጌጡ፣ የነገርኩዎት ገብቶዎታል?"

"ገብቶኛል፣ ዶክተር" አለ ጌጡ። "ክሮን ነኝ።" ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ሦስት ጊዜ አመሰገናት፣ በሩን ስቶ መስኮቱ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ፊቱን አይተው ትራሳቸውን ገፋ አደረጉ።

"ምን አለች?"

"ክሮን።"

ወይዘሮ ትብለጥ እልልታቸውን አቀለጡት። ያ የደከመ ልብ ያን ያህል ትንፋሽ ከየት እንዳመጣ አይታወቅም፤ እልልታው ኮሪደሩን ይዞ ደረጃውን ወረደ፣ በሮች ተከፈቱ፣ ሙሽራ የመጣ የመሰላቸው ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ። ምን ተገኘ ሲሉ "ልጄ ክሮን ሆነ" አሏቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። ጎረቤቶቹም የሰሙትን ለማመን ጥቂት ፈጅቶባቸው፣ ከዚያ አንድ በአንድ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አሉ። ጌጡ ቀኝ ጎኑን ይዞ፣ እያመመው፣ ለሁሉም አንገቱን ዝቅ እያደረገ ተቀበላቸው። ደስ ብሎታል። ደስ ማለቱ ትንሽ አስደነገጠው፤ ግን ደስ ብሎታል።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ እታገኘሁ ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው መጡ። ወገቡን አቅፈው ሳሙት። "ድሮም ነግሬያቸው ነበር" አሉ። "መዝለሉን አይቼዋለሁ።" ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ለቅሶ ቤት ተረኛ የሚሆኑት እነማን እንደሆኑ፣ የጠበበ አንጀት የማያሳልፈውን ፍሬ ያለው ምግብ ማን እንደሚያጠልለው አስረዱት። ወይዘሮ ትብለጥ ከአልጋቸው ሆነው አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ድንኳኑ ሰፊ ነው ወይ? ሰዎቹ ይቀመጣሉ ወይስ ብቅ ብለው ይሄዳሉ? ልጄ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ዝም ሲል አብሮት ዝም የሚል ይኖራል? ወይዘሮ እታገኘሁ ሁሉንም አዎ አሉ።

አቶ ሽመክትም መጡ። በር ላይ ቆመው ከዘራቸውን መታ መታ አደረጉ። "ወሰዱህ አይደል" አሉት። "እንዲያው እንድታውቀው፣ እኛ ዘንድ ብትመጣ አንድ ቀን ተገላግለህ ነበር።" ከዚያ ገብተው ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጡና አንጀቱ እንዲሻለው መርቀውት ሄዱ።

በማግስቱ ጌጡ አዲሱን መድኃኒት ይዞ ከሥራ ሲመለስ እናቱ ሣጥናቸውን ከፍተው ልብሳቸውን አልጋው ላይ ዘርግተውት አገኘ። እየለዩ ይከምራሉ። ሰማያዊው ቀሚስ ለጎረቤታቸው ለእንጎቻ ነው። የሱፍ ሹራቡ ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ደብረ ብርሃን ይበርዳታል። ፊታቸው ጠግቦ ተኝቶ የተነሣ ሰው ፊት ነው፤ እንዲያ ተረጋግተው ጌጡ አይቷቸው አያውቅም።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ እማዬ?"

"ቤት እያቀለልኩ።"

ጌጡ የመድኃኒቱን ከረጢት እንደያዘ ቆመ። አንጀቱ አልለይ ብሎ በቆየባቸው በእነዚያ ሁሉ ወራት እናቱን ይዞለት የኖረው ይኸው አልለይ ማለቱ እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሞቹ ያልቻሉትን የቻለው መድኃኒት ያ ነበር፤ ትናንት እየሳቀ አሳልፎ ሰጠው።

"እማዬ" አለ። "እነዚህ ምርመራዎች እኮ ይሳሳታሉ።"

"እ?"

"ይሳሳታሉ። ብዙ ጊዜ። አቶ ሽመክትም ከትልቁ ተመልሶ የነካካው ሊሆን ይችላል ብለዋል። እንደገና ልመርመር። ለከርሞ እንኳ ቢሆን እጠብቃለሁ። ኮላይቲስ ልሆን እችላለሁ። ምንም ላልሆንም እችላለሁ።"

ወይዘሮ ትብለጥ የያዙትን ነጠላ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩት። ሁሉም ገብቷቸዋል። ፈገግ አሉ፤ የሚያሾፉበት ጊዜ የሚያሳዩት ያችው ፈገግታ ናት፣ ዓይናቸው ግን ረጥቧል።

"ተለይቷል ልጄ" አሉት። "ክሮን ነህ። ይልቅ ና፣ ይህን ነጠላ አብረኸኝ እጠፍ።"

ጌጡ ሌላውን ጫፍ ያዘ። አጠፉት። ጠማማ ሆኗል ብሎ ፈታው። እንደገና አጠፉት፤ አሁንም ጠማማ ነው ብሎ ፈታው። እናቱም ጫፋቸውን እንደያዙ ጠበቁት።